ቦታ የለኝም አትበሉኝ!

ዘር ተዘርቶ አለቀ፤ ሞፈርና ቀንበሩ የት ገባ? ደጅ፣ ዝናብ ላይ። መርጫውና የቱፎርዲው ጠርሙስ ግን አልጋ ስር፣ ከጤፉ ጆንያና ከልጆቹ ኳስ ጋር! ነገሩ ተገለበጠ እኮ።

«ቦታ የለኝም» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። አዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ደጁ ላይ በጆንያ ጎመን ያለማል፤ ዶማውንና ውሃ ማጠጫውን ግድግዳው ላይ በሚስማር ይሰቅላል። እናንተ ግቢ ሙሉ ቦታ ይዛችሁ አራት ችካልና አንድ ቆርቆሮ አቃታችሁ?

ማረሻውን ከአፈር አጽዱት፣ አድርቁት፣ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። እንጨቱን ምስጥ እንዳይበላው ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ ምራኑንም አይጥ ከማይደርስበት ስቀሉት።

መርጫው ከሁሉም ይለይ። ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ ሳይሆን የረጫችሁበት ማሳ ላይ መልሳችሁ እርጩት። ኬሚካሉ በመጣበት ጠርሙስ፣ በሚቆለፍ ሳጥን፣ ከመኝታና ከእህል ርቆ ይቀመጥ። ቁልፍ ተወደደ የምትሉኝ ደግሞ ለስልካችሁ ካርድ ስትሞሉ አይቻለሁ!

ባዶውን ጠርሙስ አጥባችሁ ዘይት ወይ አረቄ የምትቀዱበትስ? ታጥቦም መርዝ ነው። ዛሬውኑ ብሱትና ከጥቅም ውጪ አድርጉት።