ክሩ ለማን ይሠራ?

ኪሮሽና የሹራብ መርፌ መያዝ የሚችሉ ጓደኞቻችን የዕረፍት ሰዓታቸውን ለተቸገረ ለመስጠት መነሣታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን «ለማን እንሥራ?» የሚለው ጥያቄ ገና በሚገባ አልተመከረበትም። አንዱ ለአረጋውያን የአንገት ልብስ፣ ሌላው ለሕፃናት ቆብ፣ ሦስተኛው በሩቅ አገር ላሉ እንስሳት ይላል። ክሩ ጥቂት፣ ጊዜውም ከጥናት የተረፈ ስለ ሆነ፣ ለሁሉም እንሥራ ማለት ለማንም ሳያዳርሱ መቅረት ነው።

በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ የአውስትራልያ ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በፊሊፕ ደሴት አጠገብ በፈሰሰ ዘይት 438 ፔንጉዊኖች ተበከሉ። ላባቸውን በአፋቸው ሲያጸዱ ዘይቱን እንዳይውጡ፣ እስኪታጠቡ ድረስ ሹራብ ተደረገላቸው፤ አብዛኞቹም ዳኑ። ዜናው ከተሰማ በኋላ ግን ከየአገሩ የጎረፈው ሹራብ ከሚፈለገው እጅግ በለጠና ትርፉ ለአሻንጉሊት ፔንጉዊን እየለበሰ ተሸጠ። ገንዘቡ ለወፎቹ መርጃ ስለ ዋለ ድካሙ ጨርሶ ከንቱ አልሆነም፤ ይሁን እንጂ ያ ሁሉ እጅ የተነሣው አሻንጉሊት ለማልበስ አልነበረም።

እንግዲህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ተቀባዩ ራሱ ፈልጎታልን? ሁለተኛ፣ ዕቃው ለቦታው ይስማማልን? ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ይኮማተራል፤ በካንሰር መድኃኒት ጠጉሩ ለረገፈ ሕመምተኛም ሻካራ ክር ሥቃይ ነው። ሦስተኛ፣ የክሩ ዋጋ በገንዘብ ቢሰጥ ይበልጥ አይጠቅምምን?

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሠራ ቆብ ይቀድማል እንላለን። የሕፃን ራስ ከሌላው ሰውነቱ አንጻር ትልቅ ስለ ሆነ ብዙ ሙቀት በዚያ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ የተጀመረውና የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የካንጋሮ እንክብካቤ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ያስተኛዋል፤ የሚለብሰውም የሽንት ጨርቅ፣ ካልሲና ቆብ ብቻ ነው። የሚያሞቀው የእናቱ ገላ ነው፤ ቆቡ ረዳት ነው። ቢሆንም እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ይህ ረዳት አይናቅም። ጥቂት ክር ይበቃዋል፤ ጀማሪም ይሠራዋል።

ስለዚህ ክሩ መርፌ ላይ ሳይወጣ፣ ሁለት ጓደኞች በቅርብ ወዳለው የማዋለጃ ክፍል ሄደው ነርሶቹን ይጠይቁ፤ ስንት፣ በምን ልክ፣ ከምን ክር፣ እንዴትስ ይታጠባል? «በቂ አለን» ከተባልን ሳናኮርፍ ወደ ሌላው እንለፍ።

«ሰጪ የወደደውን ቢሰጥ ማን ይከለክለዋል?» የሚሉ አሉ። በራሱ ክር ማንም አይከለክለውም። በመዋጮ የተገዛ ክር ግን የሁላችን ነውና ምክንያት ይጠየቅበታል። ድር ቢያብር አንበሳ የሚያስረው፣ አንበሳው በየት እንዳለ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።