ከፋሲካ በኋላ ብረት በግማሽ ይጀመር

ስለ ስፖርት ጥቅም ብዙ ተጽፏል። ስፖርት አቁሞ ስለሚመለስ ሰው ግን ብዙም ሲጻፍ አይታይም። በእኛ አገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ብረት የሚሠራ ወጣት ጥቂት ነው። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። የፈተና ሰሞን አለ። ክረምት ሲገባ ተማሪው ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፣ የእርሻውም ሥራ ይጠብቀዋል። ሕመምም ሐዘንም አለ። ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት እንሥራ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «አቁመን ስንመለስ ከየት እንጀምር?» የሚለውም መነሣት አለበት። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ከግማሽ።

የለሚ ልጅ ስለ ክብደት አይነገረውም። ከተማችን በሰሜን ሸዋ በእንሳሮ ወረዳ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው ያለችው። ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ መስከረም 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ስሟ ከሲሚንቶ ጋር ነው የሚነሣው። ፋብሪካው የተሠራው በቀን 150 ሺህ ኩንታል እንዲያመርት ነው። ሲሚንቶና ስፖርት ግን ድሮም ዝምድና ነበራቸው። ጂም በሌለበት ከተማ ሁሉ ወጣቱ ሁለት ጣሳ ሲሚንቶ ይሞላና በቧንቧ ግራና ቀኝ ያደርቀዋል፤ ከዚያ «ብረት» ይለዋል። ጥሩ ብልሃት ነው። አንድ ችግር አለበት፣ አይፈታም። 40 ኪሎ ሆኖ ከደረቀ ሁልጊዜ 40 ኪሎ ነው። ባለቤቱ ሁለት ወር ቢያርፍም ብረቱ አያርፍም።

ከፋሲካ ማግስት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጾም ተፈታ፣ ሥጋ ተበላ፣ ጉልበት ተመለሰ ተብሎ ወደ ሰፈር ብረት ይኬዳል። ጓደኞች ዙሪያውን ይቆማሉ። «እስቲ እንይህ፣ ጾሙ ጨረሰህ እንዴ?» ይባላል። ከዚህ ወዲያ ልጁ የሚያነሣው በጡንቻው አይደለም፣ በእልህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ለምን ቢባል፣ ሰውነታችን ሁሉም ክፍሉ እኩል አይመለስም። ጡንቻ ያስታውሳል። በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት የአይጥ ጥናት፣ ጡንቻ ሲሠራ የሚጨምራቸው የሴል አስኳሎች ጡንቻው ሲኮሰምን እንኳ እንዳልጠፉ አሳይተዋል። አቁሞ የተመለሰ ሰው ከአዲስ ጀማሪ ቶሎ የሚጠነክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ጅማት ግን ደሙም ትንሽ ነው፣ ለውጡም ቀርፋፋ ነው። እንግዲህ ጡንቻው «ደርሻለሁ» ሲል ጅማቱ ገና መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት «ተመለስኩ!» ብሎ ሲኮራ እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ ነው የምፈራለት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናትም የራሳቸው አደጋ አላቸው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው። ነገር ግን አርፎ የከረመ ሰው በአንድ ቀን ከልክ በላይ ከሠራ ጡንቻው ሊፈርስና ፍርስራሹ በደም ሄዶ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱ ሽንት እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ኮላ መጥቆሩ ነው። ይህን ያየ ሰው «ይተወኛል» ብሎ መተኛት የለበትም፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ይሂድ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የአሜሪካ የጥንካሬ አሠልጣኞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2019 ለኮሌጅ ስፖርተኞች ባወጡት መመሪያ፣ ከረፍት የተመለሰ ስፖርተኛ የብቃት ልምምዱን መጠን በ50፣ በ30፣ በ20 እና በ10 በመቶ እየቀነሰ በየሳምንቱ እንዲጠጋ ይመክራሉ። እኔ ስሌቱን ለሲሚንቶው ብረትም እወስደዋለሁ። ድሮ አሥር አሥር ጊዜ በአራት ዙር፣ በድምሩ 40 ጊዜ የሚያነሣ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት 20፣ በሁለተኛው 28፣ በሦስተኛው 32፣ በአራተኛው 36 ያንሣ። በአምስተኛው 40 ይግባ። ብረቱ ባይቀነስም ቁጥሩ ይቀነሳል። ያም ከከበደው ፑሽ አፕ ይሥራ፣ ወይም ከትንሽ ጣሳ ቀለል ያለ ሌላ ብረት ያድርቅ።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ። አራት ሳምንት ነው እኮ! የተጎዳ ትከሻ ወራት ይወስዳል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ትከሻና ወገብ የስፖርት ብቻ አይደሉም፣ የእንጀራ ናቸው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ጫኝና አውራጅ «ዛሬ ወገቤን አሞኛል፣ 25 አድርጉልኝ» ማለት አይችልም። ገበሬውም እንዲሁ። ብረት ስንሠራ ግን መቀነስ በእጃችን ነው። ሥራ የማይሰጠንን ዕድል ስፖርት ከሰጠን ለምን እንገፋዋለን?

ጾሙን ወቀስክ እንዳልባል አንድ ነገር ልጨምር። ጥፋቱ የጾሙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአላባማ የወጣ ጥናት፣ ለ16 ሳምንት የሠለጠኑ ወጣቶች ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እየሠሩ ያገኙትን ጉልበት ለ32 ሳምንት እንዳቆዩ ያሳያል። እንግዲያው በሁዳዴ ጨርሶ ከማቆም ይልቅ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሽሮው ወይ ምስሩ ከተበላ በኋላ፣ ጥቂት መሥራት ይቻላል። ያን ያደረገ ሰው ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ያጥርለታል።

ማቆም መጨረሻ አለመሆኑን ደግሞ ሯጮቻችን አስተምረውናል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ አሸነፈች፣ ከዚያ ተጎዳች፣ በ1998 ወለደች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ አገኘች። ቀነኒሳ በቀለ በ2010 በባት ጉዳት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ከውድድር ራቀ፤ በ2019 በርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨረሰ። መመለስ ዓመታትን ሊወስድ ይችላል። እኛ አራት ሳምንት ቢጠየቅብን አይብዛብን።

የመጨረሻው ቃሌ ብረት ለሚያነሣው ሳይሆን ዙሪያውን ለምንቆመው ነው። ከፋሲካ ማግስት ጓደኛችን ሃያ ጊዜ አንሥቶ ብረቱን ሲያስቀምጥ «ሰነፈ» አንበለው። ልጁ ቆጥሮ ነው ያቆመው። እኛም ተራችን ሲደርስ ቆጥረን እናቁም።