የሪቲጋላው ወፍጮ

ባለፈው ዓመት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሰሞን፣ እናቴ ቡና አፍልታ ቶናውን ከቀዳች በኋላ "ዘንድሮ ፍልሰታን ሱባኤ ልገባ አስቤያለሁ" አለችኝ። "ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ከጎረቤት እናቶች ጋር፣ አሥራ አምስቱን ቀን።"

እኔም ስኒዬን እንኳ ሳላስቀምጥ "እና ልጆቹን ማን ያይልኛል?" አልኳት።

እናቴ አልተከራከረችኝም። በረካውን ቀዳች፣ ስኒዎቹን ሰበሰበች፣ ተነሣች። ሱባኤውም በዚያው ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ለወራት ነገሩን ትዝም አላለኝ። ያስታወሰኝ ሩቅ አገር ያለ፣ ሰው ከለቀቀው ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የቡድሃ መነኮሳት ገዳም ፍርስራሽ ነው።

ስሪላንካ ደግሞ ምን ወሰደሽ አትሉኝም? በወጣትነቴ ቤይሩት ሰው ቤት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከእኛ በረንዳ ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ አንዲት ስሪላንካዊት ነበረች። መጀመሪያ በእጅ ምልክት፣ ኋላም በተሰባበረ አረብኛ መጨዋወት ጀመርን። በዚያ አገር ያኔ የቤት ሠራተኛን፣ ከየትም ትምጣ፣ "ስሪላንኪያ" ማለት የተለመደ ነበር። እኔንም እንዲያ ሲጠሩኝ ስትሰማ "የአገሬ ልጅ" እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሷ ሴት ልጇን፣ እኔ ወንድ ልጄን ለእናቶቻችን ትተን ነበር የሄድነው።

ባለፈው የካቲት ያቺ ልጅ ተዳረች። እኔም እቁቤ ደርሶኝ ለሠርጉ ሄድኩ። አሥር ቀን ሙሉ ትንንሾቹን ልጆቼን ማን ያዘልኝ? እናቴ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ጓደኛዬ "ይህን ሳላሳይሽ አትሄጂም" ብላ ወደ ሪቲጋላ ወሰደችኝ። ሪቲጋላ ከጥንቷ ዋና ከተማ ከአኑራዳፑራ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሜዳው መሐል ብድግ ያለ፣ ደን የለበሰ ተራራ ነው። ከፍታው 766 ሜትር ነው። ሃኑማን የተባለው የጦጣዎች ጀግና የቆሰለውን የራማን ወንድም ለማዳን፣ መድኃኒት የሚበቅልበትን ተራራ ከሂማላያ ቆርሶ ሲበር ጥቂቱ ወድቆበት የተፈጠረ ነው ይላሉ። ዛሬ ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል ስለሆነ ጎብኚ ከፍርስራሹ አልፎ ወደ ጫፉ መውጣት አይፈቀድለትም።

መግቢያው ላይ ዙሪያው 366 ሜትር የሆነ፣ ዳርና ዳሩ በድንጋይ ደረጃ የታነጸ ትልቅ ኩሬ አለ። ወደ ገዳሙ የሚገባ ሰው መጀመሪያ እዚህ ይታጠብ እንደነበር ይገመታል። ከዚያ እርስ በርሱ እንዲገጥም ተደርጎ በተጠረበ ድንጋይ የተነጠፈ መንገድ በዛፎቹ መሐል እየወጣ ይሄዳል። ከወፍና ከቅጠል ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። እኔም ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማውራት ጀመርኩ።

በስሪላንካ ቤተ መቅደሶች የማይጠፉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የቡድሃ ምስል፣ የቦዲ ዛፍ፣ እና ስቱፓ የሚባለው ቅዱስ አፅም የሚያርፍበት ጉልላት መሳይ ግንብ። የሪቲጋላ ገዳም ፍርስራሽ ግን ሦስቱም የሉበትም። እዚህ የኖሩት ከተጣለ ጨርቅ፣ ከመግነዝ ቁራጭ ሳይቀር ልብሳቸውን ሰፍተው የሚለብሱ መነኮሳት ነበሩ። የከተማ ገዳማት ሀብትና ምቾት አላስደስት ብሏቸው ለተመስጦ ወደ ጫካ የገቡ ናቸው። ከእነሱ የቀሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ከፍ ያሉ የድንጋይ መደቦች ናቸው። አንዱን መደብ ከሌላው የሚያገናኘው አጭር የድንጋይ ድልድይ ነው። እዚያ ላይ ተቀምጠው አሳባቸውን ይሰበስቡ ነበር ይባላል።

አንድ ነገር ግን አሳቀኝ። በዚህ ሁሉ ጌጥ አልባ ድንጋይ መሐል አምሮ የተቀረጸ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ምንድን ነው ስላት "ሽንት የሚሸኑበት ነው" አለችኝ። እንዴት ተደርጎ ቢባል፣ በጌጥ ያበዱትን የከተማ ገዳማት መናቃቸውን በየቀኑ የሚገልጹበት መንገድ ነበር ብለው የሚያስረዱ ምሁራን አሉ።

ሳቄን ሳልጨርስ ነው ወፍጮውን ያየሁት።

ሐኪም ቤት ነበር ከሚባለው ፍርስራሽ ውስጥ ነው። መድኃኒት የሚፈጭበት ድንጋይ ነው አሉ። እኔ ግን ለማወቅ አስረጂ አላስፈለገኝም። መሐሉ በእጅ ብዛት ጎድጉዷል። የእናቴ የገጠሩ ወፍጮ ልክ እንዲሁ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከእንቅልፌ የምነቃው በመጁ ድምፅ ነው።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ጓደኛዬ የደከመኝ መስሏት ውኃ ሰጠችኝ። ለካ ይህን ሁሉ ጸጥታ ያቆመው ሥራ ነው! ያን መንገድ ጠርቦ ያነጠፈ ሰው አለ። ያን ኩሬ ቆፍሮ የገደበ አለ። እንዲያውም ቹላቫምሳ የተባለው የአገሩ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ በ9ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ቀዳማዊ ሴና በዚህ ተራራ ላይ ለእነዚህ መነኮሳት ገዳም ሲሠራ አትክልተኞች፣ አገልጋዮችና የእጅ ባለሙያዎች መድቦላቸዋል። ሁሉን የተዉት መነኮሳት ሳይቀሩ የሚሠራላቸው ሰው ነበራቸው። ይህን የምለው እነሱን ለመንቀፍ አይደለም። ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ባለበት ሁሉ የእሱን ድርሻ የሚሠራ ሌላ ሰው አለ ለማለት ነው። በእኛ ቤት ያ ሌላ ሰው ሁልጊዜ እናቴ ነበረች።

"እናትሽስ ለተመስጦ ትቀመጣለች?" አልኳት ጓደኛዬን፣ በዚያው በቤይሩት አረብኛችን።

"ድሮ የት ጊዜ አላት!" አለችኝ። ለመንደሩ መነኮሳት ምግብ የማድረስ ተራ ሲደርሳቸው እናቷ ገና ሳይነጋ ትነሣ ነበር። መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ ስለማይበሉ ምግቡ በጊዜ መድረስ አለበት። ከዚያ እርሻው፣ ከዚያ የጓደኛዬ ልጅ። "አሁን ግን ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቀን ሁሉ ነጭ ለብሳ ቤተ መቅደስ ትውላለች። የዚያን ቀን ምግብ የማበስለው እኔ ነኝ፣ ቤቱን የሚይዙት ወንድሞቼ ናቸው። ልጄን አሳድጋልኝ የለ! እኔ ደግሞ ቀኗን እይዝላታለሁ።"

እኔ ምን ልበል? የእኔን ልጅ አምስት ዓመት ያሳደገችው እናቴ አሥራ አምስት ቀን ስትለምነኝ ያልኳት ትዝ አለኝ። አልነገርኳትም፤ አፈርኩ።

ገዳሙ ከደቡብ ሕንድ የመጡት የቾላ ነገሥታት በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዘመን አኑራዳፑራን ካጠፉ በኋላ ቀስ በቀስ ተረስቶ ጫካ ዋጠው። እ.ኤ.አ. በ1893 ነው ኤች. ሲ. ፒ. ቤል የተባለው የቅኝ ገዥው መንግሥት የአርኪዮሎጂ ኃላፊ ዛፉን አስመንጥሮ ያጠናው። ስንወርድ ዞሬ ያየሁት ግን መደቦቹን አልነበረም፤ አሳቤ ሁሉ ከወፍጮው ጋር ቀርቶ ነበር።

ዘንድሮ ሐምሌ መጨረሻ ላይ እናቴ ስለ ሱባኤ አላነሣችም። ያነሣሁት እኔ ነኝ። "ልጆቹስ?" አለች። ባለቤቴ "እኔ የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ" አላት። እሷ ያሳደገችው የበኩር ልጄም ማታ ማታውን እኔ አለሁ አላት። ጋቢዋን፣ ዳዊቷንና በሶዋን ይዛ የሄደች ዕለት፣ እስከ በሩ ድረስ አምስት ጊዜ ያህል ተመልሳ የጨውና የበርበሬውን ቦታ አሳየችን።

ይህን የምጽፍላችሁ በስድስተኛው ቀን ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ አያስወጣም፣ ሁለቱ ልጆች ሳሎኑን የኳስ ሜዳ አድርገውታል። ትናንት ሽሮው አርሯል። ባለቤቴ "እናትሽ ይህን ሁሉ ብቻዋን እንዴት ነበር የምትችለው?" ሲል ጠየቀኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የጠየቀኝ። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ካስቀደስኩ በኋላ ፈለግኳት። ዋርካው ሥር፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳዊቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቷን እንዲያ አርፎ አይቼው አላውቅም። ልመለስ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

"ልጆቹ በሉ?" አለችኝ።

"በልተዋል።"

"ሽሮው አላረረም?"

"አላረረም" ብዬ በጾም ዋሸሁ። እናቴም ሳቀችና ወደ ዳዊቷ ተመለሰች።