አፈር በጭነት መኪና

ናይሮቢ ውስጥ አፈር ይሸጣል። ኢምባካሲ፣ ሲዮኪማው ወይም ኪቴንጌላ ቤት የሠራ ሰው ግቢውን ሲያስተካክል ቀይ አፈር በጭነት መኪና አስመጥቶ ነባሩ ጥቁር አፈር ላይ ያስደፋል። ሣር ይተከላል፣ አበባ ይደረደራል፣ ግቢው ለጊዜው ያምራል። ጥቂት ወቅት ካለፈ በኋላ ግን የመጣው አፈር ይጠጥራል፣ ሣሩ ይገረጣል፤ ባለቤቱም ሌላ መኪና ያዝዛል። እኔ ይህን ገንዘብ ማባከን ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። አፈር ካልመገቡት፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ መክሳቱ አይቀርም።

ሁለቱም አፈሮች እዚህ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደሉም። በካረን፣ በዌስትላንድስና በኪያምቡ በኩል ያለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተኛ፣ ውኃ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር ነው። ወደ አቲ ሜዳ ሲወርዱ የሚያገኙትና እዚህ «ብላክ ኮተን» የሚሉት ጥቁር አፈር ደግሞ የአቃቂና የበቾ ዋልካ ነው፤ በዝናብ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መሠረት ስለሚያናጋ ግንበኛ ቢጠላው አይፈረድበትም። አትክልት የሚተክል ሰው ግን ለምን ይጠላዋል? ዋልካ ንጥረ ነገር አምቆ የመያዝ ትልቅ አቅም አለው፤ ጣጣው ውኃ አላሳልፍ ማለቱ ነው።

ለዚህ ጣጣ ደግሞ መላ የተፈለገው እዚያው እኛ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በበሬ የሚጎተት፣ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ ማረሻ ለዋልካ መሬት አዘጋጅቶ ነበር። ያ ማዕከል ኋላ ከናይሮቢው አቻው ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ኢልሪ የምንለው ተቋም ሆኗል። በሬ ለሌለው ጓሮ አካፋ ይበቃል፤ መደቡን ከፍ፣ ቦዩን ዝቅ አድርጎ ውኃው የሚወጣበትን ማሳየት ነው።

ቀጥሎ ምግቡ ይመጣል፤ ምግቡ ደግሞ ከወጥ ቤታችን አይጠፋም። ለአንድ ድስት ወጥ የተላጠ ሽንኩርት ልጣጩ ብቻ ፌስታል ይሞላል። የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት አለ። ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣው ቡናም አተላ አለው። አተላው ናይትሮጅን ያለበት ነውና ይጠቅማል፤ ብቻውን በወፍራሙ ከተነጠፈ ግን ደርቆ ውኃ ይከለክላል፣ ቡቃያም ያቀጭጫል። የከሰል አመድም ማስተዋል ይፈልጋል። ቀዩ አፈር ወደ አሲዳማነት ስለሚያዘነብል ጥቂት ቢበተንበት ይወዳል፤ ጥቁሩ ግን አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ብስባሽ ለማድረግ አንድ እጅ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ከሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቁ መደርደር፣ መሐል መሐሉ ላይ ፍግ ወይም አፈር መበተን፣ ሲጨብጡት እጅ የሚያረጥብ ግን የማይንጠባጠብ እስኪሆን ውኃ ማርከፍከፍ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጣል። ሥጋና ዘይት አይገባበትም፣ አይጥ ይጠራል። ሦስት አራት ወር ሲሞላው የሽንኩርቱ ሽታ ጠፍቶ ዝናብ የመታው ጫካ ይሸታል። ያን ጊዜ ደርሷል።

ደረቅ ቅጠል ከየት ይምጣ የሚል ካለ፣ የግቢ ሠራተኛው ማለዳ ጠርጎ እሳት የሚለቅበትን ክምር ይጠይቅ። ከቅጠሉ ጋር ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፣ ጎረቤትም ያስላል። በየመንገዱ ዳር ቢጫ አበባ የሚያወጣው ቲቶኒያም በነፃ የቆመ ማዳበሪያ ነው። ጊጊሪ የሚገኘው የጥምር ደን እርሻ ምርምር ማዕከል፣ ኢክራፍ፣ ከኬንያ ተመራማሪዎች ጋር በምዕራብ ኬንያ አጥንቶታል፤ የደረቀው ቅጠሉ 3.5 በመቶ ያህል ናይትሮጅን አለው፣ ፖታሲየሙም ብዙ ነው። ለጋውን ቆርጦ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ብቻ ነው፤ ቶሎ ይበሰብሳል።

«ተፈጥሯዊ» የተባለ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነም ልናገር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ በዳንዶራ ቆሻሻ መጣያ አካባቢ ከተመረመሩት ልጆች በግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ ከፍተኛ የእርሳስ መጠን እንዳለ አሳይቷል፤ አፈሩም ተበክሎ ነበር። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ «ጥቁር አፈር» በጆንያ ከመግዛት የራስን ልጣጭ ማብላላት ይሻላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከወገኖቼ የምሰማው መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፦ «የሰው ግቢ ነው፤ ዛሬ ነገ እንሄዳለን።» ኢስትሊ ተቀምጦ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄጃ ፕሮሰስ የሚጠብቅ ሰው ልቡ ካናዳ ቢሆን አልፈርድበትም። ነገር ግን ዛሬ ነገ ሲባል የተወለደው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሱኩማ ጎመን ከተተከለ በሁለት ወር ውስጥ ይቀነጠባል፤ ከማንም ፕሮሰስ ይፈጥናል። ግቢ የሌለውም የኪቤራ እናቶችን ይይ። ጆንያ በአፈርና በፍግ ሞልተው፣ ውኃ እንዲወርድ መሐሉ ላይ ጠጠር ያቆማሉ፤ ከዚያ ጎኑን በስተው ጎመን ይተክሉበታል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ ናይሮቢ ተሰብስበው እስከ 2034 ድረስ ከተጎዳው አፈር ቢያንስ 30 በመቶው እንዲያገግም ተስማምተዋል። ይሳካላቸው። የእኛ ጓሮ ግን እነሱን አይጠብቅም፤ ለጥቅምት ዝናብ የሚደርስ ብስባሽ ሐምሌ ላይ መጀመር አለበት። የለማው አፈር ለአከራዩ ይቀራል ካላችሁም ይቅርለት፤ የበላነውን ጎመን አያስመልሰንም።