ኮምፒውተርና ቤተሰብ፦ ለአንድ ግራፍ ይህ ሁሉ ፕሮግራም ለምን?

በዚህ ዓምድ ልጆቻችሁ በኮምፒውተር የሚማሩትን እናንተ ወላጆችም እንድታውቁት በቀላል አማርኛ ለማቅረብ እንሞክራለን። ዛሬ የምንነጋገረው ቁጥርን ወደ ሥዕል ስለሚለውጡ ፕሮግራሞች ነው።

ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የጀመረ ተማሪ ብዙም ሳይቆይ የቁጥር ሠንጠረዥ ተሰጥቶት «ግራፍ ሥራ» ይባላል። ግራ መጋባቱ ከዚህ ይጀምራል። አስተማሪው «በማትፕሎትሊብ ሥራው» ይለዋል። ጓደኛው «ሲቦርን ይሻላል» ይለዋል። ሌላው ደግሞ ፕሎትሊ፣ ቦኬ፣ አልቴር እያለ ስም ይቆጥርለታል። ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ የተጻፉበትም ኮድ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት ነው። ታዲያ ለአንድ ሥራ ይህን ያህል መሣሪያ ለምን አስፈለገ?

ነገሩን ከሥሩ እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማትፕሎትሊብን የጀመረው ጆን ሀንተር የአንጎል ተመራማሪ ነበር። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሕሙማን አንጎል የተመዘገበውን የኤሌክትሪክ ምልክት በሥዕል ለማየት ሲል የጻፈውን ፕሮግራም በ2003 ለሕዝብ አወጣው። በዚያን ጊዜ በፓይተን ብዙ ቁጥሮችን አንድ ላይ የሚይዙ ሁለት ጥቅሎች ነበሩ፤ ኒውመሪክ እና ነምአሬይ። የሁለቱም ሥራ ተመሳሳይ ሆኖ ተጠቃሚው ግን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ስለዚህ ማትፕሎትሊብ ከሁለቱም ጋር እንዲሠራ በመካከል የሚያስማማ ክፍል መጻፍ ግድ ሆነ። ይህ ድካም ለሥዕሉ አንዳች ነገር አልጨመረለትም።

በ2005 ትራቪስ ኦሊፋንት ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ሥራ ጀመረ። በ2006 ነምፓይ በሚል ስም 1.0 እትሙ ወጣ፤ የቀድሞዎቹም ቀስ በቀስ ቀሩ። እኛ እንደምናየው ከግራፍ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ይልቅ ሊመሰገን የሚገባው ይህ ሥራ ነው። የራስን አዲስ ነገር መጀመር ብዙ ሰው ይወዳል፤ የሌሎችን ሁለት ነገር ማስታረቅ ግን አድካሚ ነው፤ ስምም ብዙ አያስገኝም።

ሌሎቹ በዚህ መሠረት ላይ ተሠሩ። ዌስ ማኪኒ በ2008 የጀመረው ፓንዳስ ሠንጠረዥ ይይዛል፤ ግራፍም ያወጣል፤ ነገር ግን ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ከውስጥ ሆኖ የሚሥልለት ማትፕሎትሊብ ነው። ማይክል ዋስኮም የሠራው ሲቦርንም እንዲሁ በማትፕሎትሊብ ላይ የተቀመጠ ነው። እንግዲህ ልጃችሁ ሦስት ፕሮግራም ተማርኩ ሲላችሁ ከታች ያለው ሠዓሊ አንድ መሆኑን ዕወቁ። ፕሎትሊ፣ ቦኬና አልቴር ግን በኢንተርኔት ገጽ ላይ የሚንቀሳቀስ ግራፍ ለማውጣት በሌላ መንገድ የመጡ ናቸው።

መሣሪያ መብዛቱ ብቻውን ጉዳት የለውም። ጉዳቱ አንድ ስም ይዘው የተለያየ መልስ ሲሰጡ ነው። ስምንት ተማሪዎች በፈተና ያገኙት ውጤት 2፣ 4፣ 4፣ 4፣ 5፣ 5፣ 7፣ 9 ነው እንበል። አማካዩ 5 ነው። ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተራራቁ የሚለካውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነምፓይን ብትጠይቁት 2 ይላችኋል። ፓንዳስን ብትጠይቁት ወደ 2.14 ገደማ ይላችኋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የልዩነቶቹ ካሬ ድምር 32 ነው፤ ነምፓይ ለ8 ያካፍላል፤ ፓንዳስ ግን ቁጥሮቹ ከብዙ ሕዝብ የተወሰዱ ናሙና ናቸው ብሎ ለ7 ያካፍላል። ልጁ ይህን ካላወቀ የሠራው ግራፍ ከጓደኛው ጋር አይገጥምም፤ ምክንያቱንም ሊያስረዳ አይችልም። በሀገር ቤት ቁናው ከገበያ ገበያ ይለያይ እንደነበረው ማለት ነው፤ እህሉ አንድ ነው፣ ስፍሩ ግን ሁለት ነው።

የፕሮግራሞቹ ጸሐፊዎች ይህን ለማስተካከል የያዙት መንገድ ሁሉንም በግድ ወደ አንድ ማምጣት አይደለም። ፓንዳስ በ2019 ባወጣው 0.25 እትሙ ተጠቃሚው ትእዛዙን ሳይለውጥ ሠዓሊውን ብቻ እንዲመርጥ በር ከፈተ። ከዚህ የበለጠው ምሳሌ አርቪዝ ነው። ግምትን በአዲስ ማስረጃ እያረሙ የሚሠሩበት ቤዚያን የሚባል የስታቲስቲክስ ዘዴ አለ። ለዚህ ዘዴ ፓይኤምሲ፣ ስታንና ሌሎችም ፕሮግራሞች ሲኖሩ፣ አንዱ የሚያወጣው ውጤት በሌላው መሣሪያ በቀላሉ አይሣልም ነበር። ከ2018 ጀምሮ በአርቪዝ የተሰበሰቡት ሰዎች ከሁሉም የሚመጣውን ውጤት የሚይዝ አንድ የጋራ ማስቀመጫ ቅርጽ ሠሩ፤ የሥዕሉንም ሥራ ወደዚያ አመጡት። ፓይኤምሲ የራሱን የሥዕል ክፍል ለአርቪዝ አስረክቧል። ንብረቱን እንዲህ የሚለቅ ብዙ አይገኝም።

ስምምነቱ ለተጠቃሚው አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል። ሲቦርን በ2020 ባወጣው 0.11 እትም «ዲስትፕሎት» የተባለውን የቆየ ትእዛዝ ከአገልግሎት ለማስወጣት ወስኖ በምትኩ ሌሎች አመጣ። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይዞ የሚማር ልጅ ማስጠንቀቂያ ሲመጣበት ጥፋቱ የእርሱ ይመስለዋል። አይደለም፤ መጽሐፉ አርጅቷል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ገና ጀማሪ ከሆነ ማትፕሎትሊብንና ፓንዳስን አስቀድሞ ቢይዝ እንመርጣለን፤ ሲቦርን ከዚያ በኋላ ቀላል ይሆንለታል። እነዚህን ፕሮግራሞች ለማግኘት ማንም ገንዘብ ሊጠይቃችሁ አይገባም፤ የሚከፈል ነገር ቢኖር ለአስተማሪው ድካም ነው። ልጁ የቤት ሥራውን ሲያስረክብ በየትኛው ጥቅልና በየትኛው የእትም ቁጥር እንደሠራው ከግራፉ ሥር ይጻፍ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ካለበትም ከላይ ያሉትን ስምንት ቁጥሮች አስገብቶ ይሞክር፤ 2 ከወጣ ለ8፣ 2.14 ከወጣ ለ7 እንደተካፈለ ያውቃል፤ አስተማሪውም የትኛውን እንደሚፈልግ መጠየቅ ይችላል።