ጸጥ ያለው ሐዲድ ባዶ አይደለም

ስለ ባቡር አደጋ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚያመራው ባቡር ወደሚበዛበት መስመር ነው። እኛ ግን ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ጸጥ ያለው ሐዲድ ነው እንላለን። ባቡር በየጥቂት ደቂቃው በሚያልፍበት ስፍራ ሰው ግራ ቀኙን ሳያይ አይሻገርም። ለሰዓታት ምንም በማያልፍበት ስፍራ ግን ዓይን ማየትን፣ ጆሮም ማድመጥን ቀስ በቀስ ይተዋል። የአደጋው መሠረታዊ ምንጭ ይኸው ልማድ ነው።

የኡራኤልና የካዛንቺስ ነዋሪ ይህን ከደጃፉ ተመልክቶታል። በኡራኤል በኩል የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመር በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ሥራ ሲያቆሙ፣ በአንዱና በተከታዩ ባቡር መካከል ያለው ጊዜ ረዘመ። አጥር ዘሎ የሚሻገረውም «አሁን አይመጣም» እያለ ራሱን ማሳመን ቀለለው። ከዚያ ቀደም በጨርቆስ በኩል ያልፍ የነበረው አሮጌው የምድር ባቡር አገልግሎቱ ሲቋረጥ፣ ሐዲዱ የእግረኛ መንገድና የልጆች መጫወቻ ሆኖ ነበር። በሞተ ሐዲድ ላይ መራመድ አይጎዳም። የሚጎዳው እዚያ የለመድነውን ይዘን ሕይወት ወዳለው ሐዲድ ስንሄድ ነው።

ሕይወት ካላቸው ሐዲዶች ዋነኛው ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የጭነት መስመር ነው። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው ይህ መስመር ኮንቴይነሩን፣ ስንዴውንና ማዳበሪያውን ያመላልሳል። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ በመሆኑ እንደ ቀድሞው ከሩቅ በጭስ አይታወቅም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያልፋል፤ በሺህ የሚቆጠር ቶን ጭኖ ስለሚሮጥም ነጂው ፍሬን ከያዘ በኋላ እንኳ ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሊወስድበት ይችላል። በአፋርና በሶማሌ አካባቢ ግመልና ከብት በባቡር የተገጨባቸው አርብቶ አደሮች ይህን በንብረታቸው ከፍለው ተምረውታል። ስለሆነም ባቡር ለሰው መንገድ ሊለቅ አይችልም፤ መልቀቅ የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

የማቋረጫ ምልክት ያስፈለገው ለዚህ ነው። አሠራሩ በብዙ አገሮች ቀላል ነው። በሁለቱ ሐዲዶች ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይዘዋወራል። የባቡሩ ጎማና አክስል ሁለቱን ሐዲዶች ሲያገናኝ ኃይሉ በዚያው ያጥራል፤ ያን ጊዜ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ደወሉ ይደወላል፣ አግዳሚው ዘንግ ይወርዳል። ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልሃት ሲበላሽም «ቁም» ማለቱ ነው። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ኃይሉ ቢቋረጥ ምልክቱ መንገዱን ይዘጋል እንጂ አይከፍትም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሽቦ የሚሰርቅ ግለሰብ የሚወስደው ጥቂት ኪሎ መዳብ ይመስለዋል። በተጨባጭ የሚሰርቀው ግን የሕዝብን እምነት ነው። ያለ ባቡር ቀኑን ሙሉ ቀይ ሆኖ የሚውል መብራት ሾፌሩን ንቆ ማለፍን ያስተምረዋል። ባቡሩ በእውነት በመጣ ቀን ያ ሾፌር መብራቱን አያምነውም። ስለዚህ የተበላሸውን ምልክት በቶሎ የማይጠግን ባለሥልጣንና ሽቦውን የቆረጠው ሌባ፣ ዓላማቸው ቢለያይም፣ ውጤታቸው አንድ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በእግረኛው ላይ የመጫን ዝንባሌም እንዲሁ ሊታረም ይገባዋል። መሻገሪያው ሩቅ በሆነበት ስፍራ አጥር መዝለል መብዛቱ አያስገርምም።

ከዚህ አኳያ የሥራ ድርሻው ግልጽ ነው። የባቡር ድርጅቱ መብራቱን ይጠብቅ፣ ነጂውም ጥሩምባውን ይንፋ። መንገድ ሠሪው መሻገሪያውን ሕዝቡ በሚመላለስበት ስፍራ ያብጅ። የሰፈር ማኅበራትና እድሮች በስብሰባቸው ላይ ጉዳዩን ያንሱ፤ የተሰረቀ መዳብ የሚገዛውን ያጋልጡ፤ ልጆች በሐዲድ ላይ እንዳይጫወቱ ይምከሩ። ሠራተኛውም ወደ ሥራ ሲቸኩል ያተረፋት አንዲት ደቂቃ ቤተሰቡን ያለ አባት ወይም ያለ እናት እንዳታስቀር ያስብ።

ሐዲዱ ጸጥ ሲል ባቡሩ የለም ማለት አይደለም፤ ገና አልደረሰም ማለት ነው። እንቁም፣ እንይ፣ እናድምጥ፤ ከዚያ እንሻገር!