የስፖርት ራዲዮ ቢዘጋ የሚጎዳው ማን ነው?



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ራዲዮ ያለኝን አሳብ ለመግለጽ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ብዙ ሰው፦ «ራዲዮ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው፤ ቢዘጋ ምን ይጎድላል?» ሲል እሰማለሁ። የእኔ አሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የስፖርት ራዲዮ ሲዘጋ የሚጎድል ነገር አለ፤ የሚጎድልበትም ሰው ገንዘብ የሌለው ሰው ነው።

አስቀድሜ በውጭ አገር የሆነውን ላስታውስ። የካቲት 2 ቀን 2013 ዓ.ም. በካናዳ አገር ቤል ሚዲያ የተባለው ድርጅት በቫንኩቨር፣ በዊኒፔግና በሃሚልተን ከተሞች የነበሩትን ሦስት የኤ ኤም ስፖርት ጣቢያዎች በአንድ ቀን አቋረጠ። በሁለቱ ላይ በስፖርቱ ፈንታ ቀልድ፣ በሦስተኛው ላይ የገንዘብና የንግድ ወሬ ተተካ። ሰኔ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ድርጅት ስድስት የኤ ኤም ጣቢያዎችን ፈጽሞ ሲዘጋ፣ የቫንኩቨሩና የዊኒፔጉ ጣቢያዎች ከነቀልዳቸው ጠፉ፤ የኤድመንተን ከተማ የስፖርት ጣቢያም አብሮ ጠፋ። የተሰጠው ምክንያት ኪሳራ ነው። ሥራቸውን ካጡት ጋዜጠኞች አንዳንዶቹ በኢንተርኔት በኩል የራሳቸውን ዝግጅት ጀምረዋል።

ኤ ኤም የሚባለው ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ጓደኞቼ ባጭሩ ላስረዳ። እኛ መካከለኛ ሞገድ የምንለው ነው። ይህ ሞገድ ምድርን ተከትሎ ይጓዛል፤ ማታ ደግሞ ከሰማይ ከፍታ ተመልሶ ወደ ምድር ስለሚወርድ ተራራና ሸለቆ አልፎ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ይሰማል። ኤፍ ኤም ግን ድምፁ የጠራ ቢሆንም የሚሄደው በቀጥታ ነውና ተራራ ሲያጋጥመው ይደክማል። ከእኛ ከአስኮ ተነሥቶ በቡራዩና በሆለታ በኩል ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች በየኮረብታው ጀርባ እየተቆራረጡ ሲሄዱ ይሰማል። በሌላ በኩል የኤ ኤም ማሠራጫ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃም ድምፁን ያውከዋል። ከዚህም በላይ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ኤፍ ኤም ቢቀበል እንጂ ኤ ኤም አይቀበልም። ስለዚህ የኤ ኤም አድማጭ ከቀን ወደ ቀን የሚያንሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ራዲዮ በአገራችን ሥራ የጀመረው መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጌጃ ዴራ፣ በሐረርና በመቱ የተተከሉት የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች ድምፁን ወደ ገጠሩ ያደርሱ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፣ በአገራችን ቴሌቪዥን ገና አልነበረም፤ ቴሌቪዥን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ስታዲየም ያልገባ ሰው ጨዋታውን ሊከታተል የሚችለው በጆሮው ብቻ ነበር። መንግሥቱ ወርቁና የቫሳሎ ወንድማማቾች በዓይን ላላያቸው ሕዝብ ጭምር ጀግኖች ሆኑ። እንደ ሰለሞን ተሰማና እንደ ደምሴ ዳምጤ ያሉ ጋዜጠኞች ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ኳሱን በቃል ሥለው ለሕዝብ ማሳየት ስለ ቻሉ ነው።

በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በከተማችን የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በዝተዋል፤ የስፖርት ሰዓት የሌለው ጣቢያም እምብዛም አይገኝም። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እኔ እንደማዳምጠው ከሆነ አብዛኛውን ሰዓት የሚወስደው የእንግሊዝ አገር ክለቦች ወሬ ነው። የአርሴናልን አሰላለፍ በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ በክፍላችን ሞልቷል፤ የአንድ የአገራችንን ክለብ አሰላለፍ ግን ማን ይነግረናል? የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በዲ ኤስ ቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ደስ ብሎኛል፤ ይሁን እንጂ ዲ ኤስ ቲቪ የሚከፈልበት ነው።

በሰፈራችን ሌሊት የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ አለ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ ከጎኑ አትለየውም። ይህ ሰው በር ትቶ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ሊገባ አይችልም፤ የኢንተርኔት ፓኬጅ ልግዛ ቢልም ደመወዙ አይፈቅድለትም። ዓይነ ስውር ወንድማችንም የቴሌቪዥኑ ተናጋሪ «ውይ! ለጥቂት!» ሲል ኳሱ በግራ ይሁን በቀኝ አያውቅም፤ የቴሌቪዥን ተናጋሪ ተመልካቹ ያያል ብሎ ብዙውን ይተወዋልና። ለእነዚህ ሰዎች የራዲዮ ተናጋሪ ዓይናቸው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ እኛ በየኪሳችን ስልክ የያዝነው የራዲዮን ዋጋ አቃለልነው።

አንዳንድ ሰዎች፦ «ኪሳራ የሚያመጣ ጣቢያ ለምን ይኖራል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም አሮጌ ማሠራጫ ለዘላለም ይኑር አልልም። የምለው፣ አንድ ሞገድ ከመዘጋቱ በፊት በእርሱ ብቻ የሚሰማው ሕዝብ ስንት እንደ ሆነ ይቆጠር፤ ሌላ መስሚያም ይዘጋጅለት ነው። ደግሞም የአገራችን ጨዋታ፣ ቢያንስ የብሔራዊ ቡድናችን ግጥሚያ፣ ያለ ክፍያ በራዲዮ በቀጥታ ሊነገር ይገባል። መንገድ የሚሠራው መኪና ላለው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሕዝብ ራዲዮም የሚለካው በማስታወቂያ ገቢ ብቻ መሆን የለበትም።

እኛ ተማሪዎችስ ምን እናድርግ? ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አለው። በዕረፍት ሰዓት ዘፈን ከማሰማት አልፈን፣ በክፍሎች መካከል የሚደረገውን የእግር ኳስ ግጥሚያ በድምፅ ማጉያ በቀጥታ እንናገር። የስፖርት መምህራን የጨዋታውን ሕግ፣ የአማርኛ መምህራን የቃላት አመራረጥን ያስተምሩን። ማየት የማይችሉ ጓደኞቻችንም አድማጮችና ፈራጆች ሆነው ይቀመጡ፤ ኳሱ የት እንዳለ እነርሱ ካወቁ ተናጋሪው ተሳክቶለታል ማለት ነው። ከመካከላችን ነገ ሜዳውን በቃል የሚሥል ሰው ሊወጣ ይችላል።

ጓደኞቼ ሆይ! ሞገድ ይለወጣል፤ መሣሪያም ያረጃል። ለሌለውና ለማያየው ሰው ሜዳውን የሚያሳየው ድምፅ ግን በእኛ ዘመን እንዳይጠፋ ሁላችንም እንትጋ።